ጨረታ ወይስ ቁርጥ ዋጋ? ኦንላይን ስትገዙ የትኛው ያዋጣችኋል

ባለፈው የካቲት ለኪዳነ ምሕረት ንግሥ ሜሪላንድ ውስጥ አንድ ቤተ ክርስቲያን ነበርኩ። ከቅዳሴ በኋላ ጨረታ ተጀመረ። የቀረበው ጥላ ነው። ቀይ ከፋይ፣ ዙሪያውን ወርቃማ ዘርፍ ያለው። "አምስት መቶ ዶላር አንደኛ! አምስት መቶ ዶላር ሁለተኛ! የሚጨምር?" አጫራቹን ላብ አጥምቆታል። ከኋላ ረድፍ አንድ አባት ስምንት መቶ አሉና አሸነፉ። ጥላው ሲመጣላቸው ግን አልወሰዱትም። "መልሼ ለእመቤቴ ሰጥቻለሁ" አሉ። እልልታው ቀለጠ። ጥላው እንደገና ለጨረታ ቀረበ።

ብዙዎቻችን ጨረታን የምናውቀው እንዲህ ነው። ብዙ የከፈለ ይመረቃል። ዕቃው ሰበብ ነው። ጣጣው የሚመጣው ይህንኑ ልማድ ይዘን ኢንተርኔት ላይ ስንገባ ነው። እዚያ አብዝቶ ለከፈለ እልል የሚል የለም። ካርዳችሁ ላይ ቆርጠው ይወስዱና ዝም ነው።

ይህን የምለው በራሴ ስለደረሰ ነው።

ላፕቶፑ

የእህቴ ልጅ ዩኒቨርሲቲ ሊገባ ነው። ያገለገለ ላፕቶፕ ልገዛለት ፈለግሁ። ቲንክፓድ ቲ480 መረጥኩ። በ2018 የወጣ ሞዴል ነው (እዚህ የምጠራቸው ዓመቶች ሁሉ የፈረንጆች ናቸው)። መሥሪያ ቤቶች በብዛት ገዝተውት፣ ሲቀይሩ ደግሞ በጅምላ ስላወጡት ገበያው ላይ እንደ ልብ ይገኛል። ይህቺን "እንደ ልብ ይገኛል" የምትለዋን ያዙልኝ፤ እመለስባታለሁ።

ሁለት አማራጭ ነበረኝ። አንዱ ሻጭ በቁርጥ ዋጋ 165 ዶላር ይላል። ማጓጓዣው እሱ ላይ ነው፣ ቻርጀር አለው፣ ካልተስማማችሁ በ30 ቀን ውስጥ መመለስ ይቻላል። ሌላው ጨረታ ነው። መነሻ ዋጋው 99 ሳንቲም። ሊዘጋ ሁለት ቀን ሲቀረው 61 ዶላር ላይ ነበር። 61 ዶላር! ልቤ የት እንደሄደ እናንተው ገምቱ።

ከ140 በላይ አልሄድም ብዬ ወሰንኩ። እሁድ ማታ እራት ቀርቧል፣ እኔ ስልኬ ላይ አፍጥጫለሁ። አንዱ በለጠኝ። 155 አደረግሁት። አሁንም በለጠኝ። ባለቤቴ "ወጡ ቀዘቀዘ እኮ" ትላለች። አርባ ሴኮንድ ሲቀር "ይሄ ሰውዬ ማን ነኝ ባይ ነው!" ብዬ 185 ጻፍኩ። በ172 ዶላር አሸነፍኩ። ስልኩን እንደ ዋንጫ ነው ያነሳሁት።

ከዚያ ሒሳቡን ሠራሁ። 172 ዶላር። የሜሪላንድ 6 በመቶ የሽያጭ ታክስ፣ 10 ዶላር ከ32 ሳንቲም። ማጓጓዣ 18 ዶላር ከ50። ድምሩ 200 ዶላር ከ82 ሳንቲም። ቁርጥ ዋጋው ከነታክሱ 174 ዶላር ከ90 ነበር። ወደ 26 ዶላር ተጨማሪ ከፍዬ፣ ወጥ አቀዝቅዤ፣ መመለስ የማይቻል ላፕቶፕ ገዛሁ። ሲደርስ ደግሞ ቻርጀር የለውም። ሻጩ አላታለለኝም። ማስታወቂያው ላይ ቁልጭ አድርጎ ጽፎታል። ያላነበብኩት እኔ ነኝ።

አንድ ነገር ልብ በሉ። በቁርጥ ዋጋ ስትገዙ ገጹ የሚላችሁ "ክፍያዎ ተቀባይነት አግኝቷል" ነው። ጨረታ ላይ ግን "አሸንፈዋል!" ይላል። ምን አሸነፍኩ? ከእኔ ሌላ ያን ያህል የሚከፍል ሰው እንዳልተገኘ ነው የነገረኝ።

ለዚህ ነገር ስም አለው። በ1971 የነዳጅ ኩባንያ ባልደረቦች የነበሩ ሦስት መሐንዲሶች ሜክሲኮ ባሕረ ሰላጤ ውስጥ የነዳጅ ቦታ በጨረታ የወሰዱ ኩባንያዎች ለምን እንዳሰቡት አላተረፉም ብለው ጻፉ። መልሳቸው ቀላል ነው። ከባሕሩ ሥር ስንት ነዳጅ እንዳለ ሁሉም ይገምታል። ጨረታውን የሚወስደው አብዝቶ የገመተው ነው። ስለዚህ ያሸነፈው ብዙ ጊዜ የተሳሳተው ነው። የአሸናፊ እርግማን ይሉታል። በትልልቅ ኩባንያዎች የደረሰ እኔ ላይ ቢደርስ ምን ይገርማል ብዬ ተጽናናሁ።

ጨረታው ከውስጥ

ኢቤይ የሚባለውን የኦንላይን ገበያ እንውሰድ፤ ሌሎቹም ብዙዎቹ እሱን ይመስላሉ። ፒየር ኦሚድያር የሚባል ሰው በ1995 ሲጀምረው ጨረታ ብቻ ነበር። "ባይ ኢት ናው" የሚባለው ቁርጥ ዋጋ የመጣው በ2000 ነው። ዛሬ አብዛኛው ሽያጭ በቁርጥ ዋጋ ነው የሚካሄደው። ጨረታው ወደ ጓሮ ገብቷል ማለት ይቻላል።

ጨረታው ላይ የምትጽፉት ቁጥር የምትከፍሉት ዋጋ አይደለም። ጣሪያችሁ ነው። ብዙ ሰው እዚህ ላይ ነው የሚሳሳተው። ዕቃው 40 ዶላር ላይ ነው እንበል። እናንተ 100 ጻፋችሁ። ዋጋው ዘሎ 100 አይገባም። 100 መጻፋችሁንም ሌላ ተጫራች አያይም። አንድ ሰው መጥቶ 70 ቢል፣ ሲስተሙ በእናንተ ስም 71 ያደርገዋል። 90 ቢል 91። ከ25 እስከ 100 ዶላር ባለው ጭማሪው አንድ አንድ ዶላር ነው። ከ100 እስከ 250 ባለው ሁለት ዶላር ተኩል። የእኔ ጨረታም በዚሁ ስሌት ነበር የሚሄደው። እኔ 185 ጽፌ በ172 የወሰድኩት ያ ሰውዬ 169 ከ50 ላይ ስላቆመ ነው።

እንግዲህ የምትከፍሉት ሁለተኛው ሰው ካቆመበት ትንሽ ከፍ ያለውን ነው። በ1961 ዊሊያም ቪክሪ የሚባል የምጣኔ ሀብት ሊቅ እንዲህ ያለ ጨረታ ላይ የሚያዋጣው እውነተኛ ጣሪያን አንዴ መጻፍ እንደሆነ አሳይቷል። ዝቅ አድርጎ መጻፍ አይጠቅምም፤ የምትከፍሉትን የሚወስነው ሌላው ሰው ነውና። ከፍ አድርጎ መጻፍ ደግሞ ያስጎዳል። ቪክሪ በ1996 ኖቤል ሲሸለም ዜናው በተሰማ በሦስተኛው ቀን አረፈ።

እንደ ቪክሪ ቢሆን ሰው ቁጥሩን ጽፎ ይተኛ ነበር። ግን አይተኛም። ሁሉም የመጨረሻውን ደቂቃ ይጠብቃል። ለምን? አልቪን ሮት እና አክሰል ኦከንፌልስ የሚባሉ የምጣኔ ሀብት ተመራማሪዎች በ2002 ባወጡት ጥናት ይህንኑ መርምረዋል። ያኔ አማዞንም የጨረታ ገበያ ነበረው። ኢቤይ ሰዓቱ ሲደርስ ጥርቅም አድርጎ ይዘጋል። አማዞን ግን በመጨረሻዎቹ ደቂቃዎች ሰው ከጨመረ ጨረታውን በአሥር ደቂቃ ያራዝም ነበር። አማዞን ላይ ሰዓት ጠብቆ የሚተኩስ ሰው ቁጥሩ ያነሰ ሆነ። ኢቤይ ላይ ግን ሞልቶ ተረፈ።

ምክንያቱ እንደ እኔ ያለው ሰው ነው። እኔ 140 ብዬ ወስኜ ሲበልጡኝ 155፣ ሲበልጡኝ 185 የምል ሰው ነኝ። እንዲህ ዓይነቱን ሰው ሁለት ቀን ቀድማችሁ ብትነኩት ሁለት ቀን ሙሉ ዋጋ ይቆልልባችኋል። አምስት ሴኮንድ ሲቀር ብትመጡበት ግን ለመናደድም ጊዜ የለው። ስናይፒንግ የሚሉት ይህን ነው። ያኛው ሰው ከመጀመሪያው 200 ጽፎ ከሆነ ግን ስናይፒንግ ምንም አያደርገውም። ፍጥነት ጣሪያን አይበልጥም።

አገር ቤት ሆናችሁ ለምትጫረቱ አንድ ማሳሰቢያ አለኝ። እዚህ ሜሪላንድ ከምሽቱ 3 ሰዓት ላይ የሚዘጋ ጨረታ፣ የእዚህ አገር በጋ ላይ ከሆነ፣ አዲስ አበባ ከሌሊቱ 10 ሰዓት ነው። ኔትወርኩ በዚያ ሰዓት ምን እንደሚል ከእኔ ይልቅ እናንተ ታውቃላችሁ። ለእናንተ የሚሻለው የቪክሪ መንገድ ነው። ቁጥሩን ጽፎ መተኛት።

ጣሪያው ከየት ይመጣል?

ከስሜት አይመጣም። ኢቤይ ላይ ስትፈልጉ ማጣሪያው ውስጥ "ሶልድ አይተምስ" የሚል አለ። እሱን ስታበሩት ሰዎች የጠየቁት ዋጋ ሳይሆን በርግጥ የተሸጠበት ይመጣል። ማንም ሰው አሮጌ ላፕቶፑን 400 ብሎ መለጠፍ ይችላል። መለጠፍ ምኞት ነው። የተሸጠውን አሥር ያህል እዩ። በጣም የረከሰውንና በጣም የተወደደውን ተዉት።

ከዚያ ወደ ኋላ ቁጠሩ። የእኔን ላፕቶፕ እንደገና እንሥራው። በቁርጥ ዋጋ ሁሉ ተጠቃሎ 174 ከ90 ይገኝ ነበር። ከእሱ ላይ የጨረታውን ማጓጓዣ 18 ከ50 ቀንሱ። ቻርጀር 15 ዶላር ብለን እሱንም ቀንሱ። 141 ከ40 ቀረ። ታክሱን ለማውጣት ለ1 ነጥብ 06 አካፍሉት። 133 ዶላር ይመጣል። ይህ ከቁርጥ ዋጋው ጋር እኩል የሚሆንበት ነው። እኩል ከሆነ ደግሞ ማን ይጫረታል? መመለስ ስለማይቻል፣ ሁለት ቀን ስለሚያስጠብቅ፣ እራት ስለሚያበላሽ ሌላ 15 ወይም 20 ዶላር መቀነስ አለበት። ጣሪያዬ 115 ገደማ መሆን ነበረበት። እኔ የጀመርኩት ከ140 ነው። ማለትም ገና ሳልናደድም ተሳስቼ ነበር።

አሁን ቁጥሩን ወረቀት ላይ እጽፋለሁ። ስልኬ ላይ አልጽፍም፤ ስልክ ላይ የተጻፈ በቀላሉ ይሰረዛል። ወረቀቱ ማቀዝቀዣው ላይ በማግኔት ይለጠፋል። ባለቤቴ ታየዋለች። ከዚያ በላይ ብሄድ ማስረጃው እሷ ጋ ነው።

ጨረታ ላይ ሌላም የሚጠበቅ ነገር አለ። ሻጩ ራሱ ወይም ጓደኛው በሌላ ስም ገብቶ ዋጋ የሚያንርበት ጊዜ አለ። ክልክል ነው፣ ግን ይደረጋል። የተጫራቾችን ዝርዝር ክፈቱት። ምንም የግዢ ታሪክ የሌለው፣ ከዚያው ሻጭ ዕቃ ላይ ብቻ የሚመላለስ ተጫራች ካያችሁ ትታችሁ ውጡ። ሌላ ላፕቶፕ ሞልቷል።

ቁርጥ ዋጋ ቁርጥ ነው እንዴ?

ስሙ ነው እንጂ አይደለም። መርካቶ ሱቅ ገብታችሁ የመጀመሪያውን ዋጋ ከፍላችሁ ትወጣላችሁ? ነጋዴው ራሱ ይታዘባችኋል። ኢቤይ ላይም ብዙ ቁርጥ ዋጋ ሥር "ኦፈር" የሚል አለ። "የመጨረሻ ስንት ነው?" ማለት ነው በእንግሊዝኛው። 165 የሚለውን 145 በሉት። እንቢ ካለ እንቢ ነው፣ የሚጎዳችሁ የለም። የማትከፍሉትን ዋጋ ግን አታቅርቡ። ከተቀበለ ገዝታችኋል፤ አንዳንዴ ካርዱን እዚያው ነው የሚቆርጠው።

ከዚህ የቀለለም አለ። ዕቃውን "ዋች ሊስት" (የምትከታተሉት ዕቃ ዝርዝር) ውስጥ አስገብታችሁ ዝም በሉ። ሻጩ ዕቃው ላይ ዓይን የጣለ ሰው እንዳለ ያያል። ብዙዎቹ አንድ ሁለት ቀን ቆይተው ራሳቸው ቅናሽ ይልካሉ። ከሱቁ ወጥታችሁ መንገድ ልትሻገሩ ስትሉ "ና ና፣ ተመለስ!" እንደሚላችሁ ነጋዴ ማለት ነው። እኔ ለልጄ ብስክሌት የገዛሁት በዚህ መንገድ ነው። አንድም ቃል ሳልተነፍስ 20 ዶላር ወረደ።

አንዳንድ ዕቃ ሁለቱንም በር ከፍቶ ይመጣል። ጨረታም ነው፣ "አሁኑኑ ግዛ"ም አለው። እዚህ ላይ ማወቅ ያለባችሁ፣ አንድ ሰው መጫረት ከጀመረ ቁርጥ ዋጋው አብዛኛውን ጊዜ ይጠፋል። ዋጋው ጥሩ ከሆነ አትዘግዩ።

የቁርጥ ዋጋ ወጥመዱ ሌላ ነው። በርካሽ ቅደም ተከተል ስትደረድሩት 9 ዶላር የሚል ላፕቶፕ ከላይ ይመጣል። ትከፍቱታላችሁ። ውስጡ ምርጫ አለ። 9 ዶላሩ ኬብሉ ነው፣ ላፕቶፑ 210 ነው። ማጓጓዣውም እንደዚያው። ዋጋውን 5 ዶላር አድርጎ ማጓጓዣውን 30 የሚያደርግ ሻጭ አለ። ስለዚህ ከነማጓጓዣው በሚለው ደርድሩ።

አገር ቤት ቴሌግራምና ፌስቡክ ላይ ደግሞ ሦስተኛ ዓይነት አለን። ጨረታም አይደለም፣ ቁርጥ ዋጋም አይደለም። "ዋጋ በውስጥ መስመር።" ፎቶው አለ፣ ስልኩ አለ፣ ዋጋው የለም። ለእያንዳንዱ ሰው ፊቱ ታይቶ፣ ማለቴ ፕሮፋይሉ ታይቶ ነው የሚነገረው። ይህን ከምንም ጋር ማነጻጸር ስለማልችል አልፌዋለሁ።

ጀበናውና ጠገራ ብሩ

እስካሁን ጨረታን ያማሁት መሰለኝ። አይደለም። ጨረታ የሚያዋጣበት ቦታ አለ። ኢቤይ ሲጀመር ከተሸጡት የመጀመሪያው ዕቃ የተበላሸ የሌዘር መጠቆሚያ ነው ይባላል። 14 ዶላር ከ83 ሳንቲም ወጣ። ኦሚድያር ግራ ገብቶት ለገዢው ጻፈለት፤ መበላሸቱን አውቀሃል ወይ ብሎ። ሰውዬው የተበላሸ የሌዘር መጠቆሚያ ነው የምሰበስበው አለው። ጨረታ የተፈጠረው ለእንዲህ ዓይነቱ ሰው ነው። ሌላው የማይፈልገውን ለሚፈልግ።

ባለፈው ዓመት "የአፍሪካ የሸክላ ማስቀመጫ" የሚል ጨረታ አየሁ። ፎቶውን ሳሳድገው ጀበና ነው። ጥቁር፣ አንገቱ ረዘም ያለ፣ እጀታው በትንሹ የተላጠ። ሻጯ ከሟች ዕቃዎች ጋር ያገኘችው ነው። ምን እንደሆነ አታውቅም። ጀበና ፈልጎ የሚመጣ ሐበሻ "ጀበና" ብሎ ነው የሚፈልገው፤ ስለዚህ አያገኘውም። የሸክላ ማስቀመጫ የሚሰበስብ ፈረንጅ ደግሞ አንገቱን አይቶ አበባ እንደማይገባበት ይረዳል። ተጫራቾቹ ሁለት ነበርን። በ11 ዶላር ከ50 ወሰድኩት። ማጓጓዣው ከጀበናው በለጠ፣ 16 ከ40። እናቴ በስልክ ስነግራት "ለጀበና ነው ጨረታ የገባኸው?" ብላ እስክትደክም ሳቀች። ቡናው ግን ይጥማል።

እንዲህ ያለው ብዙ ነው። የላሊበላ ዓይነት መስቀል "የግብፅ መስቀል" ተብሎ ይለጠፋል። መሶብ "የአፍሪካ ቅርጫት" ይባላል። ኢትዮጵያ የሚለውን ስም በእንግሊዝኛ ፊደሉን ገድፈው የሚጽፉም አሉ። ስም የተሳሳተ ዕቃ ተጫራች ያጣል። ተጫራች ያጣ ጨረታ ላይ ነው ገዢ የሚጠቀመው። እንደ ልብ የሚገኝ ዕቃ ላይ ግን፣ እንደ ላፕቶፔ፣ ሁሉም ስሙን ያውቃል፣ ሁሉም ዋጋውን ያውቃል። ከሁሉም ጋር ተጋፍቶ ምን ይተርፋል?

ጠገራ ብር ደግሞ መካከል ላይ ነው የሚቆመው። የማርያ ቴሬዛን ብር ለአንገት ጌጥ፣ ለሰርግ ስጦታ የምትፈልጉ ብዙ ናችሁ። መጀመሪያ ይህን እወቁ። ከሞላ ጎደል ሁሉም ላይ 1780 ተብሎ ተጽፏል። የኦስትሪያዋ ንግሥት ማርያ ቴሬዛ የሞተችው በዚያ ዓመት ነው፤ ከዚያ በኋላ ስንት አገር ሲያትመው ዓመቱን አልቀየሩትም። የቪየናው ማተሚያ ቤት ዛሬም ያትመዋል። ስለዚህ "የ1780 ጥንታዊ የኢትዮጵያ ሳንቲም፣ ከአያቴ የወረስኩት" የሚል ጨረታ ስታዩ አትደንግጡ። አምና የታተመም ሊሆን ይችላል።

ክብደቱ 28 ግራም ከትንሽ ነው። ንጹሕ ብሩ 23 ግራም ከ39 ገደማ። የዕለቱን የብር ዋጋ በግራም አይታችሁ በ23 ነጥብ 39 ብታባዙት ወለሉን ታገኛላችሁ። አዲስ የታተመው በቁርጥ ዋጋ ከሳንቲም ነጋዴ ከወለሉ ብዙ ሳይርቅ ይገኛል። ለጌጥ ብቻ ከሆነ እሱን ግዙ፣ ጨረታ አያስፈልጋችሁም። አሮጌውን፣ በእጅ የዞረውን የምትፈልጉ ከሆነ ግን ጨረታውን እዩ። በተለይ የተበሳውን። ሰብሳቢዎች ቀዳዳ ያለው ሳንቲም አይወዱም፣ ዋጋው ይወርዳል። እኛ ደግሞ የምንፈልገው እሱኑ ነው! አንዲት ሴት አንገቷ ላይ ያሰረችው፣ ፊቱ በመዳሰስ ብዛት የለሰለሰ። ለሰብሳቢው ጉድለት የሆነው ለእኛ ታሪክ ነው።

ዕውቀት ያለው ሰው እዚህ ላይ የበለጠ ይጠቀማል። ሙሶሊኒ ኢትዮጵያን ሊወር ሲዘጋጅ በ1935 ጣልያን ይህንኑ ብር ሮም ላይ ለማተም ፈቃድ አግኝታ አትማለች። ዓመቱ ያው 1780 ነው። ልዩነቱ ጥቃቅን ነው፤ ከንስሩ ላባና ከንግሥቲቱ መርፌ ጌጥ ላይ የሚለዩ ሰዎች አሉ። ሻጩ ካላወቀ፣ እናንተ ካወቃችሁ፣ ጨረታ ነው መግባት። ሁለታችሁም ካላወቃችሁ ቁርጥ ዋጋ።

ሻንጣ ውስጥ የሚገባ ከሆነ

እዚህ ያለን ሰዎች ግማሹን የምንገዛው ለራሳችን አይደለም። "ሰው ሲመጣ ላክልኝ" ነው። እዚህ ላይ ምርጫውን የሚወስነው ዋጋ ሳይሆን የአውሮፕላኑ ቀን ነው። ጨረታ ሰባት ቀን ይቆያል፣ አንዳንዱ አሥር። ልታጡት ትችላላችሁ። ሻጩ ለማሸግ ሁለት ቀን ይወስዳል። መንገድ ላይ አምስት ቀን። ተጓዡ ቅዳሜ የሚበር ከሆነ ቁርጥ ዋጋ እንጂ ሌላ ወሬ የለም።

ሌላም አለ። የኢቤይ የገንዘብ መመለስ ዋስትና ዕቃው ካልደረሰ ወይም ከተገለጸው ውጭ ሆኖ ከመጣ ይሠራል፤ በጨረታም ይገዛ በቁርጥ ዋጋ። ግን ዕቃው መጀመሪያ ከደረሰበት አድራሻ ወደ ሌላ ከተላከ ዋስትናው ይቀራል። አዲስ አበባ ደርሶ "ስክሪኑ ላይ መስመር አለ" ቢሏችሁ የት ትከሱታላችሁ? ሻንጣ ውስጥ ከመግባቱ በፊት ቤታችሁ ውስጥ አብሩት። ላፕቶፕ ከሆነ ባትሪውን እዩ፣ ካሜራውን ክፈቱ፣ ኪቦርዱን አንድ በአንድ ተጫኑት።

ስልክ ግን በጨረታ አትግዙ። ይህ የእኔ አቋም ነው። የቀድሞ ባለቤቱ አካውንት ያልወጣለት አይፎን ጡብ ነው። በአንድ የስልክ ድርጅት የተቆለፈም አለ፣ ተሰርቆ የታገደም አለ። ፈትሾ የሚሸጥ፣ መመለስ የሚቀበል ነጋዴ ጋ በቁርጥ ዋጋ ይሻላል። 30 ዶላር ቢበልጥም።

መኪናም ሌላ ወግ ነው። የኢቤይ ዋስትና መኪናን አይሸፍንም። የአደጋ መኪና የሚያጫርቱ ገጾች ላይ ደግሞ ካሸነፋችሁበት ዋጋ ላይ የገዢ ክፍያና የግቢ ክፍያ ይቆለላል። መካኒክ ወንድም ከሌላችሁ አትግቡበት።

ጀርመን ላላችሁ

ጀርመን ቁርጥ ዋጋው "ሶፎርት ካውፈን" ይባላል። እዚያ ከጨረታና ከቁርጥ ዋጋ በፊት የሚጠየቅ ጥያቄ አለ። ሻጩ ነጋዴ ነው ወይስ ግለሰብ? ከነጋዴ ኦንላይን ከገዛችሁ በ14 ቀን ውስጥ ያለ ምክንያት መመለስ ትችላላችሁ። ነጋዴዎች "ይህ እኮ ጨረታ ነው፣ መመለስ የለም" ይሉ ነበር። የጀርመን ፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት በኖቬምበር 2004 የኢቤይ ጨረታም ቢሆን መመለስ ይቻላል ብሎ ወሰነ። ከግለሰብ ከገዛችሁ ግን ይህ መብት የለም።

ይኸው ፍርድ ቤት በኖቬምበር 2014 የወሰነው ደግሞ ይበልጥ ያስቃል። አንድ ሰው ፎልክስቫገን ፓሳት መኪናውን ከ1 ዩሮ ጀምሮ ለጨረታ አቀረበ። ውጭ በ4,200 ዩሮ የሚገዛው ሰው ሲያገኝ ጨረታውን ከጊዜው በፊት ዘጋው። በዚያ ሰዓት ተጫራቹ አንድ ብቻ ነበር፣ ዋጋውም 1 ዩሮ። ጣሪያው 555 ዩሮ ከ55 ሳንቲም ነበር። ተጫራቹ ከሰሰ። መኪናው 5,250 ዩሮ ያወጣል ተባለ። ፍርድ ቤቱ በ1 ዩሮ ሽያጩ ጸንቷል ብሎ 5,249 ዩሮ ካሳ አስከፈለው። ጨረታ ጨዋታ አይደለም፤ ለሻጩም ለገዢውም ውል ነው። ስትቀልዱ የጻፋችሁትም ቁጥር ይይዛችኋል።

አክስቴ የፊታችን ቅዳሜ ወደ አዲስ አበባ ትበራለች። ለእህቴ ልጅ ቻርጀሩን ትናንት በቁርጥ ዋጋ አዘዝኩ፣ ሐሙስ ይደርሳል። እሁድ ማታ ደግሞ አንድ የተበሳ ጠገራ ብር ጨረታው ይዘጋል። ወረቀቱ ማቀዝቀዣው ላይ ተለጥፏል። ቁጥሩን አልነግራችሁም፤ ከመካከላችሁ አንዱ ሊጫረትብኝ ይችላል።